ከሃን ወንዝ ማዶ፤ እብጠት የማያሳፍርበት ሰፈር

ሴኡልን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሰንጥቆ የሚያልፈው ወንዝ ሃን ይባላል። ከወንዙ በስተደቡብ ያለው የከተማዋ ክፍል ጋንግናም ነው፤ ስሙም በአገሬው ቋንቋ «ከወንዙ ደቡብ» ከማለት የዘለለ ትርጉም የለውም። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) እርሻ ነበር፤ አትክልትና ፍራፍሬ የሚለቀምበት የገጠር መሬት። ዛሬ ሦስተኛውን የምድር ባቡር መስመር ይዛችሁ አፕጉጆንግ ወይም ሲንሳ ከሚባሉት ጣቢያዎች ብትወርዱ የእርሻው ዘር ማንዘር የለም። የምታዩት የቁንጅና ቀዶ ሕክምና ክሊኒክ ነው። አንዱን ፎቅ ከሥር ወደ ላይ ብትቆጥሩት፣ ምድር ቤቱ ቡና ቤት፣ ቀጥሎ ያለው ፋርማሲ፣ ከዚያ በላይ እስከ ጣሪያው ድረስ የዓይን ቆብ፣ የአፍንጫ፣ የመንጋጋ፣ የአገጭ ሐኪም ቤት ነው።

እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ሕንጻው ሳይሆን መንገደኛው ነው። አፍንጫዋ ላይ ነጭ ፕላስተር የለጠፈች ልጃገረድ የቡና ኩባያዋን ይዛ መብራት ትጠብቃለች። ዓይኑ ዙሪያ እንደ ደረሰ ፕሪም የበለዘ ጎልማሳ በስልኩ ይነጋገራል። አገጭዋን ከጆሮዋ ጋር ጠፍራ ያሰረች እመቤት ከልጅዋ ጋር ሆና ጫማ ትመርጣለች። ዞር ብሎ የሚያይ የለም። የእኛ ሰው ቢሆን ኖሮ «ምነው? ምን ሆነሽ? ማን መታሽ?» የሚለው ብዛት መንገድ ያዘጋ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የጋዜጣ ሥራዬን ትቼ ለማስተርስ ዲግሪ ወደዚህ ከተማ ከመጣሁ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ትምህርቱ አለቀ፤ መመለሻው አልተመቸም፤ ቀረሁ። እንጀራዬን የማበስለው በትርጉም ሥራ ነው። ስለዚህ ሰፈር ለመጻፍ ሐሳብ አልነበረኝም፤ ጋንግናምን የማውቃት እንደማንኛውም የወንዝ ማዶ ነዋሪ በአውቶቡስ መስኮት ነበር። በቅርብ ያወቅኋት ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ የመጣች ጊዜ ነው። ስሟን አልጠራም፤ በቤታችን ሁላችንም እንደምንጠራት «እትዬ» እላታለሁ። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች፤ ፈቃዱን ለማግኘት ግን አንድ ወር ለምኛለሁ።

እትዬ የአምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ወፍራም አይደለችም። ከአገጭዋ ሥር ግን ሁለተኛ አገጭ አለ፤ ከእናቷ ወገን የወረሰችው ነው። ሰው ድርብ አገጭን ከመብላት ብዛት የሚመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሐኪሞቹ ግን የዘር ነገር፣ የአገጭ አጥንት ወደ ኋላ ማፈግፈግና በዕድሜ የሚመጣ የቆዳ መላላት እንዳለበት ይናገራሉ፤ ክብደቷን ቀንሳ አገጭዋ ግን ያልቀነሰላት ሴት ብዙ ናት። እትዬም አምስት ኪሎ ቀንሳ ጉንጭዋ ብቻ ጎደለ።

መቼም አያቶቻችን ይህን ጉድ ቢሰሙ ይስቁብን ነበር። ስንት ዘመን የተገበያዩበት፣ ለጥሎሽ የቆጠሩት ማርትሬዛ ብር፣ በ1780 የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት መልክ ያለበት ነው። ብሩን ያየ ያውቃል፤ ንግሥቲቱ አንገተ ብርሌ አይደለችም፤ አገጭዋም ባለ ትርፍ ነው። ይህን ለእትዬ ብነግራት «እሷ ብር ላይ ናት፤ እኔ ቪዲዮ ላይ ነኝ» አለችኝ። የመሥሪያ ቤቷ ስብሰባ ሁሉ ከወረርሽኙ ወዲህ በኮምፒዩተር መስኮት ሆኗል፤ ካሜራው ደግሞ ከታች ወደ ላይ ነው የሚያየው።

አሜሪካ ሐኪም ጠፍቶ አይደለም ኮሪያ ድረስ የመጣችው። እዚያም አንዲት ጓደኛዋ መርፌውን ሞክራዋለች። ከ2015 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደ፣ ከአገጭ ሥር ያለውን ስብ የሚያሟሟ መድኃኒት ነው። ችግሩ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ ቢያንስ የወር ልዩነት እየሰጡ እስከ ስድስት ጊዜ ሊወጉት ይችላሉ፤ በተወጉ ቁጥርም አገጩ ሥር እንደ እንቁራሪት ያብጣል። ጓደኛዋ ሦስተኛው ላይ አቆመች። ስድስት ጊዜ አብጦ ስድስት ጊዜ ከሐበሻ መደበቅ እንዴት ይቻላል? ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ማኅበር አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የእንጀራ መሸጫው አለ። እትዬም ነገሩን አሰበችበት፤ አንድ ጊዜ ልቆረጥ፣ እሱንም ማንም በማያየኝ አገር አለች። ለመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ነው አለች። ለልጆቿ ካሊፎርኒያ ለሥልጠና እሄዳለሁ አለች። አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ምንም አላለች። ከዳላስ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታ ከ14 ሰዓት በላይ በርራ ኢንቾን ስታርፍ፣ በምድር ላይ ያለችበትን የማውቅ ዘመድ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ደላላ እመስላለሁ። ክሊኒኩም ስም የለውም። የተሠራላትን ግን ልንገራችሁ። ከአገጭ ሥርና ከጆሮ ጀርባ ትንንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ ስቡ በቀጭን ቱቦ ተመጠጠ። ቆዳዋ በዕድሜ ስለላላ ስቡን መምጠጥ ብቻ አይበቃም ተብሎ፣ ፕላቲዝማ የሚባለው ሰፊና ስስ የአንገት ጡንቻ ከመሐል ተሰብስቦ ተሰፋ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከመግባቷ በፊት እኔ አንድ ነገር አጥብቄ ጠየቅሁ፤ ቀዶ ሕክምናው በካሜራ እንዲቀረጽ። ይህ መብት በነጻ የመጣ አይደለም። በ2016 በዚሁ በሴኡል አንድ ወጣት የመንጋጋ ቅርጽ ሊያስተካክል ገብቶ ብዙ ደም ፈስሶት ከሳምንታት በኋላ ሞተ። እናቱ የቀዶ ክፍሉን ቅጂ ደጋግመው አይተው፣ ሐኪሙ ልጃቸውን ትቶ ሌላ ክፍል ሲገባ አገኙ፤ ከዚያም ለዓመታት አደባባይ ቆሙ። በ2021 ሕግ ወጣ፤ ከመስከረም 2023 ጀምሮ በሽተኛን አደንዝዞ የሚቀድ ሐኪም ቤት ካሜራ ሊኖረው፣ በሽተኛው ሲጠይቅም ሊቀርጽ ግዴታ ሆነ። እዚህ ለመታከም የምታስቡ ወገኖች ካላችሁ ጠይቁ፤ ሳትጠይቁ አይቀረጽም።

እንግዲህ ክሊኒኩ የሚሸጠው እነዚያን ሁለት ሰዓቶች ነው። በግድግዳው ላይ ያለው ፎቶ ሁለት ነው፤ «በፊት» እና «በኋላ»። በሁለቱ መካከል ያለውን ፎቶ ማንም አይሰቅልም። እኔ ግን የኖርኩት እዚያ መካከል ነው።

በመጀመሪያው ቀን እትዬ ደህና ነበረች። ማደንዘዣው ገና ስላለቀቃት ትቀልዳለች። ራሷን ዞሮ አገጭዋን ወደ ላይ የሚደግፈውን ጥብቅ ማሰሪያ ስታይ «ገንዛችሁ ልትቀብሩኝ ነው እንዴ?» አለች። ማሰሪያው ለመጀመሪያው ሳምንት ሌት ተቀን፣ ከዚያም ለጥቂት ሳምንታት ሌሊት ሌሊት የሚደረግ ነው። ተኝታ ሳይሆን ጋደም ብላ፣ ትራስ ተደራርቦላት፣ ራሷ ከልቧ ከፍ ብሎ ማደር አለባት። በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ለአጭር ለአጭር ጊዜ ይያዝላታል፤ በቀጥታ አይደረግም፤ ቆዳው ስለደነዘዘ ቢቃጠል እንኳ አታውቀውም።

በሁለተኛው ቀን አበጠች። በሦስተኛው ቀን የማላውቃት ሴት ሆነች። አንገትና ፊት አንድ ሆኑ፤ ሊያስወግዱት የመጡት ድርብ አገጭ ሦስት እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ብልዘቱ ደግሞ ባለበት አይቀመጥም፤ ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ አገጭ ሥር ወይን ጠጅ ነበር፤ ቀጥሎ አንገት፤ ከዚያ ደረቷ ላይ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ተንጣለለ። እብጠት ከሁለተኛው እስከ ሦስተኛው ቀን ጣሪያው ላይ እንደሚደርስ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል፤ ተርጉሜ ያነበብኩላትም እኔ ነኝ። ወረቀትና መስታወት ግን ለየቅል ናቸው። «ገንዘቤን ከፍዬ እናቴ የማታውቀኝ ሆንኩ» ብላ አለቀሰች። ማልቀስም ያሳብጣል ብያት ሳቀች፤ መሳቁ ደግሞ ያማል።

በዚያው ሌሊት፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ቀሰቀሰችኝ። የግራው ወገን ከቀኙ ይልቅ ነፍቶ ተነስቷል። «ይጨንቀኛል» አለች። ወደ ክሊኒኩ ስደውል አስተባባሪዋ ፎቶ ላኪ አለችኝና፣ አይታ «የተለመደ ነው፤ ጧት ኑ» አለች። የተለመደ ሊሆን ይችላል። ያልተለመደው ግን እንዲህ ነው የሚመስለው፤ በአንድ ወገን ድንገት የሚነሳ፣ እንደ ከበሮ የሚወጠርና የሚጠነክር፣ ሕመሙ እየጨመረ የሚሄድ እብጠት ከሥሩ ደም ቋጥሮ ይሆናል። በአንገት ላይ የተቋጠረ ደም ደግሞ የአየር ቧንቧን ሊጫን ይችላል። መዋጥ ቸገረሽ ወይ? ትንፋሽስ? ብዬ ብጠይቃት «እኔ እንጃ» አለችኝ። «እኔ እንጃ» ለጧት የሚቀጠር መልስ አይደለም። ታክሲ ጠርቼ ወደ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዣት በረርኩ።

ኮሪያ ውስጥ ሆስፒታል በር ላይ ከስም ቀጥሎ የሚጠየቅ አንድ ቃል አለ፤ ቦሆጃ። ጠባቂ፣ ኃላፊ፣ ለበሽተኛው የሚቆም ሰው ማለት ነው። ልጅም ቢሆን ሽማግሌ «ቦሆጃው ማን ነው?» ይባላል። እኔ ነኝ ብዬ ፈረምኩ። ነርሷ ቀጠለች፤ ከእርስዎ ሌላ የቅርብ ቤተሰብ የማን ስልክ ልያዝ? እትዬን አየኋት። ዓይኗ በእብጠቱ ውስጥ ትንሽ ቀዳዳ ሆኖ ወለሉን ያያል። ልጆቿ ካሊፎርኒያ መስላቸዋል። እናቷ ጭራሽ አያውቁም። በዚያ ሌሊት አንድ ነገር ብትሆን፣ ስልክ ደውዬ መጀመሪያ የማስረዳው መሞቷን ሳይሆን የት እንዳለች ነበር። የትልቁን ልጅዋን ቁጥር ከስልኳ አውጥቼ ሰጠሁ። አልተቃወመችም።

ሐኪሙ ወጣት ነው። አገጭዋን በጣቱ ዳሰሰ፤ በአልትራሳውንድ አየ። ደም አልተቋጠረም። በእንቅልፏ ወደ ግራ ተንሸራትታ ኖሮ ፈሳሹ ወደዚያው አዘቀዘቀ፤ ማሰሪያውም ተዛንፎ ነበር። አስተካክሎ አሰረላትና ለእኔ ሲሰጠኝ የነበረውን ምልክት ሁሉ እንደገና አስጠናኝ፤ ድንገተኛ ውጥረት፣ ትንፋሽ፣ ትኩሳት፣ መግል። ወደ ቤት ስንመለስ ሊነጋ ነበር። እትዬ ታክሲው ውስጥ ሳለች ለልጅዋ ደወለችና እውነቱን ነገረችው። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ ጆሮዬን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሃን ወንዝ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር።

ከአራተኛው ቀን ወዲያ ነገሩ ቀለለ። እዚህ አገር እብጠት የራሱ ገበያ አለው፤ ቃሉ «ፑትኪ» ነው፤ ፋርማሲ ገብታችሁ ይህን ብቻ ብትሉ ባለሙያዋ የት እንደተቀደዳችሁ ዓይታ ታውቃለች። ኮሪያዎች ለእብጠት የሚጠጡት የዱባ ጭማቂ ነው፤ በትንንሽ ከረጢት ታሽጎ በካርቶን ይሸጣል። ለአራስም ያጠጡታል። ያብርድ አያብርድ ሐኪሙን ጠይቄው ፈገግ አለና «አይጎዳም» አለኝ። እትዬ ግን በፍቅር ጠጣችው። የሚጎዳው ጨው ነው፤ ጨው ውኃ ይይዛል፤ ኮሪያ ደግሞ ኪምቺውም ሾርባውም ጨው ነው። ማኘክም ስለሚያማት በዚህ አገር በሽተኛ የሚቀርብለትን «ጁክ» የሚባል የሩዝ ገንፎ ጨው ሳይበዛ እያሠራሁ አበላኋት። ቀጠን ያለው አጥሚት ነው ብላችሁ አስቡት። ሦስት ቀን በልታ «ቅቤ ቢኖረው» አለች፤ ያን ጊዜ እንደዳነች ገባኝ።

በሰባተኛው ቀን ክሩ ወጣ። በማስታወቂያው መሠረት ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቃል፤ እትዬም የመመለሻ ቲኬቷን የቆረጠችው ለስምንተኛው ቀን ነበር። ሐኪሙ ግን ለረጅም በረራ አልቸኮለም፤ ከቀዶ በኋላ ለብዙ ሰዓት ተጣጥፎ መቀመጥ በእግር ሥር ደም ሊያረጋ ይችላል። ለሳምንት አራዘምነው። ከባድ አታንሺ፣ ግን ተራመጂ ተባለች። «እንግዲያው መስታወት የሌለበት ቦታ ውሰጂኝ» አለችኝ። በዘጠነኛው ቀን ቹንቾን ወሰድኳት።

ቹንቾን ከሴኡል በፈጣን ባቡር የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው፤ በሐይቅና በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። ጎንጂቾን በሚባለው ወንዝ ዳር የእኛ ሰዎች ሐውልት ቆሟል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 መጥተው የመረቁት ነው፤ ከዚያው ዘመን ጀምሮ ያለ የኢትዮጵያን ስም የያዘ ቡና ቤትም አለ። ፊት ለፊቱ በ2007 የተከፈተው መታሰቢያ ቤት ጣሪያው እንደ ጎጆ ተሠርቷል። የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በግንቦት 1951 ፑሳን ወርደው በእነዚህ ተራሮች ተዋጉ። ተራ በተራ ከመጡት ከስድስት ሺህ በላይ ሰዎች ከ120 በላይ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ የለም። እኔና እትዬ ያደግነው ከኮሪያ ሰፈር ብዙ ሳንርቅ ነው። ከዘማቾቹ አንዱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ መንጋጋቸው ላይ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ያለ ጠባሳ ነበራቸው። ልጅ ሆነን እናፈጥባቸው ነበር። አንድ ቀንም ሲሸፍኑት አላየሁም።

በመታሰቢያው ቤት ፎቶዎች ፊት ቆመን ለእትዬ የነገርኳት ነገር አለ። ጋንግናም የሚባል ሰፈር ከመኖሩ በፊት፣ በ1954 ራልፍ ሚላርድ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ከባሕር ኃይል ወታደሮች ጋር ወደዚህ አገር መጥቶ ነበር። የተቃጠለና የተጎዳ ፊት እየጠገነ ሳለ የዓይን ቆብ ቅርጽ የሚቀይረውንም ቀዶ ሕክምና ሠራ፤ ስለዚሁም በ1955 ጻፈ። የኮሪያ የቁንጅና ቀዶ ሕክምና ታሪክ ሲወሳ ስሙ ይነሳል። ሙያው ራሱ ቢሆን የጦርነት ልጅ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን እንግሊዝ አገር ሲድከፕ ላይ የጠገነው ሃሮልድ ጊሊስ ነበር፤ ሚላርድም ከእሱ ጋር በ1957 መጽሐፍ አሳትሟል። እትዬ ማሰሪያዋን ዳሰሰችና «ታዲያ እነዚህ የእኛዎቹን ማን ጠገናቸው?» አለች። ዝም አልኩ።

ስንወጣ በር ላይ ሦስት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አገኘን። መደበቂያ አልነበረም። አንዷ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችንና የእትዬን አገጭ አይታ ፊቷ በሐዘኔታ ተሰበሰበ።

«ውይ እትዬ፣ ጥርስዎን ነው?»

እትዬ አልዘገየችም። «አዎ የኔ ልጅ፣ ጥርሴን ነው።»

«ቅርንፉድ ይያዙበት፤ እናቴ እንደሱ ነው የምታደርገው። ከየት መጡ?»

«ከቨርጂኒያ።»

«አሌክሳንድሪያ? አክስቴ እኮ እዚያ ናት!»

የእትዬ ዓይን የመጀመሪያውን ጊዜ ከእብጠቱ ወጥቶ ታየኝ።

ከሄደች ወዲህ በየሳምንቱ ትደውልልኛለች። በአራተኛው ሳምንት አገጭዋ ሥር ጠጠር የመሰለ ነገር ተሰማትና ደነገጠች፤ ውስጡ ሲድን የሚጠነክር ሕብረ ሥጋ ነው፤ በጊዜው እየለሰለሰ ይሄዳል። አሜሪካ ያለ ሐኪምም ዳሶ ይህንኑ ነገራት። በሁለተኛው ወር ከአገጭዋ ሥር ቆዳው ገና ደንዝዞ ነበር፤ ሻርፗ ሲነካት አይሰማትም። ጧት ጧት አብጦ ይውላል፤ ወደ ማታ ይጎድላል። ትክክለኛው ቅርጽ የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ይህንንም ወረቀቱ ይላል፤ በትንንሹ ፊደል። በሦስተኛው ወር መጨረሻ የላከችልኝን ፎቶ አየሁት። አምሮባታል። አገጭዋ አንድ ነው።

ለገና አዲስ አበባ ካሉት እናቷ ጋር በቪዲዮ ተገናኙ። እትዬ ካሜራውን ከፍ አድርጋ፣ አንገቷን አቅንታ ተቀመጠች። እናቷ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩዋት።

«ጥርስሽን ታመሽ ነበር አሉኝ» አሏት። «ምነው ሳትነግሪኝ? ለካ መብላት አቅቶሽ ነው እንዲህ ያለቅሽው።»